ከምወዳቸው ትግሎች አንደኛው

ሰኞ፣ ሜይ 7

ሙቀቱ አርባ አንድ ገባ። የአውቶቡስ ጣቢያው ማራገቢያ ዛሬም አልተሠራም። ወደ ዱራንጎ፣ ወደ ሳልቲዮ፣ እንደገና ወደ ዱራንጎ... ቲኬት ስቆርጥ ዋልኩ።

ባልታሳር በሬዲዮ ውድድር አውጇል። የትግል አዳራሻችን አሬና ሎስ አላሞስ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። "በዕድሜያችሁ ካያችኋቸው የነፃ ትግል ግጥሚያዎች የምትወዷቸውን አሥሩን ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ደህና ደህናውን በአየር ላይ አነባለሁ" አለ። እኔን ነው የጠራኝ! ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ፣ አርባ አንድ ዓመት፣ እሑድ በመጣ ቁጥር። የቀረሁት ስወልድ ብቻ ነው... ያውም ሁለት እሑድ።

አጠገቤ ባለው መስኮት ለሚሠራው ለቼማ ነገርኩት። ምነው ባልነገርኩት።

"ዶኛ ናይዳ፣ እርስዎማ የሚጽፉት አሥር የታጋይ ባት ነው። ሴቶች ምን ያያሉ ሌላ?"

የልጄ እኩያ! ጥሩው መልስ የመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ምን ዋጋ አለው?

ማክሰኞ፣ ሜይ 8

ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም። ስድስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ስድስት ጊዜ ቀደድኩ።

የ1984ቱ የሴቶቹ ግጥሚያ የግድ ይገባል። ፀጉር ለፀጉር የተወራረዱበት። የወፍጮ ቤቷ ሮሳ ተሸነፈች። ፀጉር አስተካካዩ ሊላጫት ሲመጣ ማሽኑን ከእጁ ነጥቃ ራሷን ራሷ ላጨች... ዓይኗን ከባላንጣዋ ላይ ሳትነቅል። ሁለተኛ? ሦስተኛ?

የ77ቱስ? አውሎ ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይዞት የሄደ ዕለት። አቧራው ገብቶ ማን ማንን እንደጣለ ያየ ሰው የለም። ዳኛው እንኳ መሬት የነካውን ትከሻ በእጁ እየዳበሰ ነው እስከ ሦስት የቆጠረው። ያላየሁትን ትግል እንዴት ወደድኩት ልበል? ግን እወደዋለሁ።

ደግሞ ካፒቴን ብርሃን የተሰናበተበት። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። የላይኛው ገመድ ላይ ወጣና ጉልበቱ አልታዘዘው አለ፤ መዝለልም መውረድም አቃተው። ያ ጨካኝ ተጋጣሚው ምን አደረገ? እየተንገዳገደ የመጣ መስሎ ሥሩ ድረስ ሄደና ትከሻውን አቀረበለት። ሽማግሌው ወደቀበት። ዳኛው ሦስት ቆጠረ፤ ሽማግሌው አሸነፈ። ጎረምሳው ሁሉ አለቀሰ።

አንደኛውን ግን አላሰብኩበትም። ስድስቱም ወረቀት ላይ እጄ ራሱ ነው የጻፈው። ኖቬምበር 1990፣ ነጭ አዙሪት ከዶን ቄራ፣ ጭንብል ለጭንብል። ተሸናፊው ጭንብሉን አውልቆ ፊቱንና ስሙን ለሕዝብ የሚሰጥበት።

ነጭ አዙሪት ታናሽ ወንድሜ ኩኮ ነው። የተሸነፈውም እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ሜይ 10

የእናቶች ቀን። መካነ መቃብሩ ሰው በሰው ላይ ነው። ኩኮ ቀድሞኝ ደርሶ የእማዬን ድንጋይ በብሩሽ ሲፈገፍግ አገኘሁት። ዝርዝሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር... አላስቻለኝም፤ አንብቤ አንብቤ አንደኛው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት።

"አንደኛውስ?" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ያንተና የዶን ቄራ።"

ብሩሹ ቆመ። "የትኛው?"

"የ90ው ነዋ።"

"የተዋረድኩበት?"

"ኩኮዬ፣ ከዚያ የሚበልጥ ትግል እኮ እዚህ አገር..."

"በሕይወቴ የጠላሁትን ቀን አንቺ አብልጠሽ ትወጂዋለሽ። እሰይ! በርቺ!"

"አልገባህም።"

"ገብቶኛል። እሱን በሬዲዮ ካስነበብሽ ደጃፌን እንዳትረግጪ። እዚሁ እማዬ ፊት ነው የምነግርሽ።"

ሚስቱ ኤልቪራ አበባ ይዛ ደረሰች። "ምን ሆናችሁ?"

"ምንም" አልን፤ ሁለታችንም፣ እኩል።

ዓርብ፣ ሜይ 11

ተናድጄ እህል አልበላ አለኝ። ስለ እሱ መሸነፍ ማን አወራ? ስለ ትግሉ ነው ያወራሁት!

አርባ ደቂቃ። የመጀመሪያውን ዙር ኩኮ ወሰደ፣ ሁለተኛውን ዶን ቄራ። በሦስተኛው የኩኮ ግራ ክንድ ከትከሻው ወጥቶ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥሎ ነበር። በአንድ እጁ ታገለ። በአንድ እጁ! ያንን መቶ ሃያ ኪሎ ሥጋ ሁለት ጊዜ አንስቶ ጣለው። ዶን ቄራን ሊሰድብ የመጣ ሕዝብ ስድቡን ረስቶ ለሁለቱም ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

ከዚያ ትከሻው መሬት ነካ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ተንበርክኮ የጭንብሉን ማሰሪያ በደህናው እጁ ራሱ ፈታ። ድምፅ ማጉያውን ሰጡት። "ሬፉሂዮ ሳራቴ። የጎሜስ ፓላሲዮ ከተማ ልጅ። ስምንት ዓመት ታገልኩ።" አዳራሹ ጸጥ አለ። ያኔ አንዱ ከላይ ከርካሹ መቀመጫ "መልሰህ አጥልቀው!" ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም በሳቅ ፈረሰ።

በዓመቱ ትግል አቆመ። ጎማ ቤት ከፈተ። አሬናውን ከዚያ ወዲህ ረግጦት አያውቅም። እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ... ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 12

ላክሁት። ሮሳን አንደኛ አድርጌ፣ ኩኮን አውጥቼ። የአባቴን ስም ትቼ "ዘናይዳ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያ" ብዬ ፈረምኩ።

ውሸታም ዝርዝር። ወንድሜ ግን ይበልጥብኛል... አይበልጥብኝም? ታዲያ ለምንድነው እንዲህ የምቃጠለው?

እሑድ፣ ሜይ 20

ተነበበ። ምነው በቀረብኝ!

ባልታሳር ዘጠኙን ሁሉ አመሰገነ፤ ሮሳን ያስታወሰ ሰው በመገኘቱ ደስ አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነገር ሊመጣ ሲል እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

"ግን ዶኛ ዘናይዳ... የ90ውስ? ነጭ አዙሪት የሌለበት ዝርዝር ጨው የሌለው ሾርባ ነው። አርባ አንድ ዓመት አየሁ ይሉናል። ወዴት እያዩ ነበር? የኳስ ሜዳው እኮ ቀጥሎ ያለው በር ነው፤ ተሳስተው ገብተው እንዳይሆን!"

አብረውት ያሉት ተንከተከቱ። አሥራ አራት ጊዜ ደወልኩ። አሥራ አራቱንም ጊዜ ተይዟል። ነገ ደግሞ ቼማ አለ።

ሰኞ፣ ሜይ 21

ቼማን አላናገርኩትም። ከሥራ በቀጥታ ወደ ኩኮ ጎማ ቤት። ከበሩ ሳልገባ፦

"ከዝርዝሩ አወጣሽው?" አለኝ። ሰምቷል።

"አውጪ ያለኝ ማነው?"

"ከሬዲዮ በፊት መጥተሽ ብትለምኚኝ ምን ነበረበት?"

"መቃብር ላይ ምለህብኝ! ደጃፌን እንዳትረግጪ ብለኸኝ!"

"እና ዛሬ አልረገጥሽውም?"

አንዱ ታክሲ ነጂ ጎማው ተፈትቶ፣ መኪናው በክሪክ ላይ ቆሞ፣ እኛን ያያል። ኩኮ መፍቻውን መሬት ላይ ወረወረው።

"ጨው የሌለው ሾርባ ሲል ደስ አለኝ፣ ይገርምሻል? አልረሱትም ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ከዝርዝሩ ያወጣችኝ እህቴ መሆኗ ትዝ ሲለኝ... እንግዲህ ምን ልበልሽ። ያኔም ሳቅሽ፣ ዛሬም አወጣሽኝ።"

"ማን ሳቀ?"

"አንቺ! ሦስተኛው ረድፍ፣ ቢጫ ቀሚስ። ሕዝቡ ሲስቅ ቻልኩት፤ ሕዝብ ነው። ቀና ስል አንቺም ትስቂያለሽ። ጥርስሽን አይቼዋለሁ፣ ናይዳ።"

"አልሳቅኩም!"

"ሃያ ሁለት ዓመት ተኝቼበታለሁ። አትንገሪኝ።"

ታክሲ ነጂው "ጌታዬ፣ ጎማዬ..." ሲል ወጥቼ ሄድኩ። እስከ ቤቴ በእግሬ። በዚያ ፀሐይ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 22

አልሳቅኩም። በእንዲህ ያለ ቀን ወንድሟ ላይ የምትስቅ ምን ዓይነት ሴት ናት?

ረቡዕ፣ ሜይ 23

ቢጫ ቀሚስ ነበረኝ።

ዓርብ፣ ሜይ 25

ሳቅሁ።

ዛሬ መስኮቴ ላይ አንዲት ሴት ለልጆቿ ቲኬት ስትቆርጥ፣ ትንሹ ኮፍያውን አወለቀ። ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ፣ አንድ ጆሮው ወደ ፊት ታጥፎ... እጄ ብሩን እንደያዘ ቀረ።

ስምንት ዓመት "አዙሪት! አዙሪት!" እያልኩ ለአንድ ጨርቅ ጮኼአለሁ። አሬና ውስጥ ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኝ ነበር፤ ጨርቁ ሥር ማን እንዳለ እኔም ልረሳው ደርሼ ነበር መሰለኝ። ያ ጨርቅ ሲወርድ... ኩኮ! በሰባት ዓመቱ ሰጥሞ ሊሞት ሲል ከመስኖው ቦይ ያወጣነው ኩኮ፤ ፀጉሩ ተለጥፎ፣ ጆሮው ታጥፎ። ሳቅ አመለጠኝ። ከሞት የተመለሰ ሰው ሲያዩ እንደሚሳቀው ነው የሳቅሁት።

ነው ወይስ አሁን ራሴን ለማዳን የፈጠርኩት ነው? ከሰውየው ጩኸት በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ይኼው ነው የማላውቀው። አእምሮዬን ብጨምቀው አይወጣም።

እሑድ፣ ሜይ 27

ወደ አሬናው አልሄድኩም። እኔ! እሑድ!

ኩኮ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ መቀመጫ አልጠየቅኩም። ጆሮውንም፣ ቦዩንም።

"ከጩኸቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" አለኝ በመጨረሻ።

"አላውቅም። በፊት ነው ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላውቅም።"

"ባላንጣ እንኳ እንዲህ አያደክምም" አለና ራሱን ያዘ። "ይቅርታ ልትጠይቂ መጥተሽ ምን አለ ብትዋሺልኝ?"

"ይቅርታ ግን ጠይቄሃለሁ።"

"መቼ?"

እውነቱን ነው፤ አልጠየቅኩም ነበር። "ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ" አልኩት።

"ቁጭ በይ። አንገቴን አሳመምሽኝ።"

ኤልቪራ ትኩስ ጎርዲታ፣ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ፣ አመጣችልን። ሁለት ከበላ በኋላ፣ ሳልጠይቀው፣ ጀመረ። ክንዱ የወለቀው እኔ እንዳሰብኩት በሦስተኛው ዙር አይደለም፤ በሁለተኛው ነው። ዶን ቄራ አንገቱን ቆልፎ መላው አዳራሽ ሲሰድበው ኩኮ ጆሮ ውስጥ ያንሾካሾከው "ልጄ፣ በየትኛው በኩል ልያዝህ?" ነው። ያ ግዙፍ ሰውዬ እያለቀሰ ነበር አለኝ፤ ጭንብል ስለነበረው አላየንም። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን አያያዝ በጠረጴዛው ላይ በጨው ዕቃና በበርበሬ ዕቃ አሳየኝ። ስህተቴን እያረመ፣ እየተቆጣ፣ "አይደለም! አይደለም አልኩሽ!" እያለ።

አንደኛ ያልኩትን ትግል ግማሹን አላየሁትም ለካ።

እሑድ፣ ጁን 3

መስመሩ ገባልኝ! በሃያ ሦስተኛው ደወል። "አንደኛው የ90ው ነው። ያወጣሁት ነጭ አዙሪት ወንድሜ ስለሆነ ነው። ያን ቀን እኔም..." ብዬ ሳልጨርስ ባልታሳር "ጉድ በሉ! እህትየው ናት! ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን" አለ። የፍራሽ ማስታወቂያ። ሲመለሱ ስለ ቦክስ አወሩ።

ስልኬ ጮኸ። ኩኮ ነው።

"ሰማሁሽ።"

"ምኑን ሰማህ? ቆረጠኝ እኮ!"

"የበቃኝን ያህል ሰማሁ" አለና ዘጋው።

ሰኞ፣ ጁን 4

ቼማ፦ "ዶኛ ናይዳ፣ የአዙሪት እህት ነዎት? እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

"ባት ስቆጥር ጊዜ አጣሁ" አልኩት። ዛሬ መልሱ በጊዜው መጣ።

እሑድ፣ ጁን 10

መጣ። አልለመንኩትም። ኮፍያ አድርጎ አሬናው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። "የኤልቪራ እህቶች ቤቱን ሞሉት፤ ሌላ የት ልሂድ?" አለ። ውሸቱን ነው።

መከራዬን አሳየኝ። መቀመጫው ጠበበው። ቢራው ሞቀ። ወጣቶቹ መውደቅ አይችሉም፤ ገመዱ ላልቷል፤ ዳኛው ዕውር ነው። አንድ ትግል በሰላም አላሳየኝም። በሁለተኛው ግጥሚያ ከታጋዮቹ አንዱ፣ ገና ጀማሪ፣ ከላይኛው ገመድ ሊዘል ሲል እግሩ ተንሸራተተና በፊቱ ወደቀ። ሕዝቡ ሳቀ። ኩኮ ተስፈንጥሮ ቆመ። "ጉልበትህን እጠፍ! ተንከባለል! የሚያምህ ዛሬ አይደለም፣ ነገ ነው፤ ተነስ!" ድምፁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጎረምሳው ተንከባልሎ ተነሳ።

ፊት ለፊታችን የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ዞሮ ብዙ አየው።

"አዙሪት ነህ?"

ኩኮ ኮፍያውን አወለቀ።

"ሬፉሂዮ ሳራቴ" አለው፣ እጁን ዘርግቶ። "እቺ ደግሞ እህቴ ናት።"

ሽማግሌው ወንበሩን ዘሎ መጥቶ በመካከላችን ተቀመጠ። በመካከላችን! የ90ውን ከመጀመሪያው ዙር ጀመሩት። እጃቸው ዓይኔ ሥር ይወናጨፋል። ዝም በሉ ብላቸው አይሰሙ። የዛሬውን ዋና ግጥሚያ፣ ሁለት ወር የጠበቅኩትን፣ ማን እንዳሸነፈ እንኳ አላየሁም።