የሜሮን የልክ ክር

ጥር 2፤ ጠዋት

ውርጭ። የስፌት መኪናው ዘይት ረግቶ መርገጫው አልሄድ አለ። ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ አስጠጋሁት፤ ለቀቀ። በዚህ ከተማ ብረት እንኳ ሳይሞቅ ሥራ አይጀምርም።

አንተ ደብተር፣ ትናንት ሳልጽፍብህ የቀረሁት ከአልማዝ ጋር ተጣልቼ ነው። ልጄ ናት። ፋብሪካ ትሠራለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ እዚሁ ጠባሴ ሰፈር፣ እኔ ቤት ናት። ጠቡ ያው የልብስ ነው። ጥር 10 ጠዋት ለጥምቀት አንኮበር እንወርዳለን፤ ዘመድ ሁሉ እዚያ ነው። ለሜሮንና ለትዕግሥት ከቡቲክ ቀሚስ ልገዛ ነው አለች። የሚያብለጨልጨውን። አንዴ ሲታጠብ ስፌቱ የሚለቀውን!

እነዚህ ልጆች ከተወለዱ ጀምሮ የተገዛ ቀሚስ ለብሰው አያውቁም። የምሰፋላቸው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሳለሁ የገዛ ኮቴን ተርትሬ፣ መልሼ ሰፍቼ ነው የተማርኩት። ለደ/ብርሃን ብርድ ገበር ያለው፣ ወፍራም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ እሰፋለሁ። አልማዝ ሜሮን ስምንት ዓመቷ ነው፣ የት/ቤት ልጆች ያዩዋታል አለችኝ። ይዩዋት። እንዳይበርዳት እንጂ እንዳትታይ አይደለም የምሰፋው።

በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «እሺ አባዬ፣ የዘንድሮውን ስፋ። ሚኒባስ ስንሳፈር ልካቸው ካልሆነ ግን የስፌት መኪናህን ጨርቅ አልብሰህ ትቀመጣለህ። ከዚያ በኋላ የምገዛው እኔ ነኝ።»

ተስማማሁ። ተናድጄ ተስማማሁ።

ልጆቹን ትናንት ለክቻለሁ። ሜትር አልጠቀምም። ሜትር ቁጥር ነው፤ ቁጥር ይረሳል። ክር አይረሳም። ለያንዳንዷ በየዓመቱ አንድ ጥቁር ክር ደርቤ እገምድና እንዳይለጠጥ ሰም እቀባዋለሁ። የትከሻ ቋጠሮ፣ የደረት፣ የወገብ፣ የቁመት። የወገቡን ለመለየት ድርብ አድርጌ እቋጥረዋለሁ። የአምናውን አቃጥላለሁ። ክሮቹ ከመኪናው በላይ በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል። ማንም አይነካቸውም።

ያው ቀን፤ ማታ

ማዕድ ላይ ጮህኩ። ትዕግሥት፣ የአምስት ዓመቷ፣ ማተቧን ከአንገቷ አውልቃ ለድመቷ አስራለች። ድመቷ ክርስትና ተነሥታ ነው? ብዬ ጠየቅኋት። አዎ አለች። አልማዝ ሳቀች። ይኼ ሳቅ ነው ቤቴን የሚያፈርሰው።

ተናገርኩ። ማተብ የሌለው አንገት ከእኔ ማዕድ አይቀርብም አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ። ትዕግሥት አለቀሰች፤ ከድመቷ ላይ ፈትቼ መልሼ አሰርኩላት። ሜሮን ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። የአንገት ሻርቧን ጠበቅ አደረገች። ሥርዓት ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

ጥር 4

አረንጓዴ ሱፍ ከሐጂ ሰይድ ሱቅ ገዛሁ። ለሁለቱም ከአንድ ጣቃ። ሐጂ ሲለካ ጣቶቹን አንድ በአንድ ተከታተልኩ። ቀና ብሎ፣ «ጋሽ ወንድይራድ፣ ዘንድሮም ሊቆጣጠሩኝ መጡ?» አለ። አዎ አልኩት።

ቤት ገብቼ የሜሮንን ክር አወረድኩ፤ በጠመኔ አሰመርኩ፤ ቆረጥኩ። መቀሱ ደንዟል። መቀስ ሳይቀር የዛሬ ዘመን ሥራ ነው።

ጥር 5

መብራት የለም። መኪናዬ በእግር ስለሚሄድ ግድ የለኝም፤ ዓይኔ ግን በእግር አይሄድም። በመስኮቱ ብርሃን እጅጌዎቹን ገጠምኩ። ሜሮን በር ላይ ቆማ ታያለች። ምን ትፈልጊያለሽ? ምንም። ምንም ከሆነ ሂጂ አጥኚ። ሄደች። ተመልሳ ቆመች። ይህች ልጅ ሰሞኑን ምን ሆናለች?

ጥር 6

ውርደት!

የሜሮን ቀሚስ አለቀ። እርጥብ ጨርቅ አልብሼ በካውያ ተኮስኩት። አለበስኳት። አልሆናትም። ትከሻዋን ያዛት። ደረቷ ላይ ቁልፉ አልደርስ አለ። ጫፉ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀርቷል። እጅጌው ከክንዷ አጥሯል። አንድ ቦታ ቢጠብ ስፌቱ ነው እላለሁ። ይሄ ሁሉም ቦታ እኩል ጠበበ። አልማዝ ከፈረቃ ገብታ ቆማ አየች። ማየቷ ነው ያቃጠለኝ።

ክር አይሳሳትም። ስለዚህ የተሳሳተው ጨርቁ ነው። ውሃ ሲነካው የሚሰበስብ ጨርቅ ሸጦልኛል።

ቀሚሱን ጠቅልዬ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ገበያተኛ ሞልቷል። የሞላ ጊዜ በመሆኑ ደስ አለኝ። ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ይኸው ሥራህ አልኩት፤ አንቱታውን ዘለልኩ። ሐጂ ጨርቁን ዳሰሰ፣ በጣቱ ሳበ፣ ወደ ብርሃን አነሣ። ከዚያ፦

«ወላሂ፣ ከዚህ ጣቃ ለስንት ሰው ሸጥኩ። እርስዎ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው በውሃ የሚገባው?»

የሚያታልለው እኔን ብቻ ስለሆነ ነው አልኩት። አንዲት ሴትዮ ሳቀች። ሐጂ እንዲህ አለ፦ «ጋሽ ወንድይራድ፣ ጨርቅ ሰው አይመርጥም። የትንሿን ይስፉ። እሱም ከገባ ሙሉውን ጣቃ ከእነ ሱቁ ይውሰዱ።»

እዚህ ላይ ነው አፌ ያመለጠኝ። ሜትርህ ሌባ፣ ጨርቅህ ሌባ አልኩት። በሰው ፊት። ሐጂ ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። «አላህ ያውቃል» አለና ለሌላ ሰው ዞረ።

ልክ ነኝ። ልኩን ነግሬው መጣሁ።

ጥር 7

የትዕግሥትን ሰፋሁ። ከዚያው ጣቃ፣ በዚያው ካውያ፣ በዚያው እርጥብ ጨርቅ።

ልክ ነው። እንደ ቆዳዋ። ሁለቴ ተኮስኩት። ሦስተኛ ጊዜ ውሃ ውስጥ ነክሬ አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ደግሜ ተኮስኩት፣ አለበስኳት። ልክ ነው! ትዕግሥት ትዞራለች፣ ቀሚሱ ይነፋል፣ ድመቷ ትሸሻለች። እኔ ቆሜ እበግናለሁ።

አልማዝ፦ «አባዬ፣ የሜሮን ብቻ የገባው ሜሮን ጠላቱ ሆና ነው?»

ዝም በይ አልኳት። ልጅቷ በሳምንት ውስጥ ወፍራለች አልኩ። አልማዝ ሜሮንን በሁለት ጣት ክንዷ ላይ ይዛ አሳየችኝ። አጥንት ነው። ሜሮን መሬት መሬት ታያለች።

ነገ እንደገና እለካለሁ።

ጥር 8፤ ከሰዓት

ፊደሉ ካልተነበበልህ ታገሠኝ።

ሜሮንን ጠራሁ። ክሯን አወረድኩ፤ ትከሻዋ ላይ አኖርኩ። ቋጠሮው ሁለት ጣት ቀረው። ደረቷ ላይ፣ ቀረ። ቁመቷ፣ ቀረ። በሰም የተቀባ ክር አይሰበስብም። ይህን ክር ከሰባት ቀን በፊት እኔ ራሴ ለክቼ የቋጠርኩት ነው።

ነው?

ግድግዳው ላይ የአምናው ቀሚሷ ተሰቅሏል። አወረድኩት፤ ክሩን በላዩ ዘረጋሁ። የትከሻው ቋጠሮ ስፌቱ ላይ አረፈ። የደረቱ፣ ስፌቱ ላይ። የወገቡ፣ ስፌቱ ላይ። አንድም አልዛነፈ። ይህ ክር የእኔ አይደለም። አንድ ሰው ከአምናው ቀሚስ ላይ ለክቶ ሠርቶ ሰቅሎልኛል። እኔም የአምናዋን ሜሮን ሰፍቼ ለዘንድሮዋ አለበስኩ።

ማነው የነካብኝ? ቤቱን ሁሉ አስደነገጥኩ። ሜሮን ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ የሌለው ልቅሶ። ሻርብሽን አውልቂ፣ አንገትሽን ልለካ አልኳት። እምቢ። በሁለት እጇ ያዘችው። በሕይወቷ እምቢ ብላኝ አታውቅም። እጇን አስለቅቄ አወለቅሁት።

ማተብ አስራለች። ጥቁር፣ ድርብ፣ ሰም የተቀባ። የኔ ክር። የወገቧ ድርብ ቋጠሮ ጉሮሮዋ ላይ ተቀምጧል።

ነገሩን ከሲቃ ጋር እየቆራረጠች ነገረችን። ያንን ቀን ት/ቤት ገመድ ሲዘሉ ማተቧ ተበጥሶ ጠፋ። ፈልጋ አጣችው። ማታ ለእናቷ ልትነግር ነበር። እኔ ማዕድ ላይ ጮህኩ። በማግስቱ የኔን ክር አውርዳ ከመካከሉ ቆርጣ አሰረች። ባዶውን ሚስማር ስታይ ደግሞ ፈራች፤ ከክር ጥቅልሉ ወስዳ ሌላ ገመደች፤ በአምናው ቀሚስ ለካች፤ ሰቀለች። ማደጓን አላሰበችም። ልጅ ማደጉን መች ያስባል?

ለምን ለእናትሽ አልነገርሽም? አልኩ።

አልማዝ መለሰችልኝ፦ «አንተን ፈርታ ነዋ! በረሃብ ልትቀጣት ስትዝት ሰምታ!»

በረሃብ አላልኩም። ከማዕድ አይቀርብም ነው ያልኩት። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ነፋሱ ጆሮዬን ይቆርጠኛል። የማንን ጥፋት ይዤ ልግባ? ማተብ ያሰረን ልጅ በምን አፌ ልቆጣ? እንድታስር ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣ፤ ከእኔው ጋር ተመልሶ ቤት ገባ።

ክሩን ደግሜ አየሁት። አገማመዱ ጠባብ ነው። ቋጠሮዎቹ ጥብቅ። ሰሙን ከጧፍ ቁራጭ ላይ ቀብታ በጣቷ አሽታ አስገብታዋለች። የወገቡን ድርብ ማድረግ እንኳ አልረሳችም። በር ላይ ቆማ ምን ስታይ እንደነበር አሁን ገባኝ። ያታለለኝ እጅ ጎበዝ እጅ ነው። ይሄ ደግሞ አናደደኝ።

ጥር 9፤ ጠዋት

ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሰው እስኪቀንስ ውጭ ልቆም አሰብኩ፤ ከዚያ ስሰድበው ሱቁ ሞልቶ ነበር አልኩና ገባሁ። ከዚያው አረንጓዴ፣ የትልቋን ያህል ይቁረጡልኝ አልኩ። አንቱታውን መለስኩ።

ሐጂ ጣቃውን አልነካም። «የትንሿስ?» አለ።

ልክ ሆነ።

«ሱቁን አልወሰዱትማ።» ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «የትልቋን ማን አበላሸው?»

ልጅቷ አጠገቤ የለችም። ስሟን ብናገር ማንም አይጎዳትም። ግን የዚህ ሱቅ ወሬ በማግስቱ ት/ቤት ይደርሳል።

እኔ ነኝ አልኩ። ልኬቱን የሳትኩ እኔ ነኝ። ሜትርዎ ሌባ አይደለም።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ያን ቀን በጮህኩበት ድምፅ። ሐጂ ለካ። ሲጨርስ ስንዝር ትርፍ ለቀቀ። አልፈልግም አልኩት። «ለእርስዎ አይደለም፤ ለልጅቷ ነው። ታድጋለች» አለና ቆረጠው። ይህን ሰው አልወደውም።

ያው ቀን፤ ከሰዓት

ሜሮንን ጠራሁ። አዲስ ክር ገመድኩ። እኔ ለካሁ፤ ቋጠሮውን እሷ ቋጠረች። እጇ መጀመሪያ ፈራ፤ ኋላ ተወው። ወገቡ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ድርብ ነው አይደል?» አለችኝ። አንቺ ታውቂያለሽ አልኳት።

ቆረጥኩ፤ ገጠምኩ። ገበሩን ይዛልኛለች። ጫፉን በእጇ ሰፋች። ሁለት ቦታ ተጨማደደ፤ አስተረተርኳት፤ ደግማ ሰፋች፤ አንዱ ቦታ አሁንም ተጨማዷል። ተውኩት። ጠባቡ ቀሚስ ለትዕግሥት ይደርሳል፤ ሳጥን ውስጥ ገባ።

ማዕድ ላይ ሻርቧን አውልቃ ተቀመጠች። ማንም አላዘዛትም። ቋጠሮው ጉሮሮዋ ላይ ይታያል። ሌላ ክር ልቀይርልሽ ልላት ነበር። ለራሷ ያሰረችው ነው። አልነካውም።

ጥር 10፤ ጠዋት

ገሃድ ነው። ብርዱ ብሶበታል። ልጆቹ ለብሰዋል። ልካቸው ነው። አልማዝ የሜሮንን ቀሚስ ገልብጣ ገበሩን አየች፣ ጫፉን በጣቷ ሄደችበት፣ የተጨማደደው ጋ ስትደርስ ቆመች። አየችኝ። ማን እንደሰፋው ገብቷታል። «መኪናውን አታልብሰው» አለች። የሚያብለጨልጨው ቀሚስ ግን ለመስከረም መገዛቱ አይቀርም ብላ አጉረመረመች። መስከረም ሲደርስ እንጣላለን።

የማዕዱን ሕግ አልሻርኩም። ሕግ ሕግ ነው። ግን ዛሬ ሳይነጋ፣ ከጥቁሩ ክር ረዘም ያለ ጥቅልል ገምጄ፣ ሰም ቀብቼ፣ በሩ ኋላ ባለው ሚስማር ላይ ሰቅያለሁ። ዝቅ አድርጌ፤ ትዕግሥት እንድትደርስበት። የተበጠሰበት ይቁረጥ፣ ይሰር። የት ጠፋ፣ ማን በጠሰው ብዬ አልጠይቅም። ድመቷ እንኳ ብታስር አልጠ—

ክላክስ። ሚኒባሱ በር ላይ ነው።