ፒካፗ በማን በር ትቁም

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዳቦ ገዛሁ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ መጣ። የተለመደ ቀን... እስከ አምስት ሰዓት። በአምስት ሰዓት ፒካፕ ገዛን።

ኮሮላዋን ባለፈው ሳምንት ነው የሸጥናት። ሃያ ሦስት ዓመት አብረን ኖረን። ገዢው አስነስቷት ሲሄድ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሚስቴ ሣባ "ጭሱ ነው" አለች። እውነቷን ነው። ጭሱ ነበር።

አዲሷ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት። ነጭ። ትንሽ። ምን ያህል ትንሽ? መጫኛዋ ከአልጋችን ያንሳል። ለካሁት። ሠላሳ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠራ ሰው ሳይለካ አያምንም። ሻጩ "በአንድ ቻርጅ መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር" አለ። "ዳገት ላይስ?" አልኩት። ሳቀ።

ድምፅ የላትም። ሣባ እኔን ያገባችኝም በዚሁ ምክንያት ነው ትላለች።

ሣባ ለሚ ካለው ስፌት ፋብሪካ ከወጣች አራት ወሯ። ከብሎካችን ጀርባ፣ ኮሚቴው በፈቀደላት ባዶ ቦታ፣ አበባ ትተክላለች። ባዶ የቀለም ባልዲ አጥባ፣ ከሥሩ በስታ፣ አፈር ሞልታ። ሦስት መቶ ባልዲ ደርሷል። ፋብሪካው "ቦታሽን እስከ ጥር 15 እንጠብቅልሻለን" ብሏታል። እሷም ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ፦ "እስከዚያ ድረስ አበባዬ በየሰዉ በር ከደረሰ አልመለስም። ካልደረሰ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ አበባ የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ።"

የሚያደርሰው ታዲያ ማን ነው? እኔ። እኔና ይህቺ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ቻርጅ የማድረግ ጉዳይ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። በመስኮት ኤክስቴንሽን አወረድኩ። ከሰዓት በኋላ ባየው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካልሲ ተሰጥቶበታል።

ምድር ላይ ሱቅ ያለው አብዱልሐሚድ አዘነልኝ። "ጋሼ፣ ከኔ ሱቅ ሰካት።"

"ምን ላድርግልህ በምላሹ?"

"የታሸገ ውሃ ከጅምላ ቤት ታመጣልኛለህ።"

ተስማማን። ወደ ንግዱ ዓለም ገባሁ ማለት ነው... በስድሳ አንድ ዓመቴ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

በቦሌ መድኃኔዓለም በኩል አለፍኩ። የነዳጅ ሰልፍ ማዞሪያውን አልፎ ተጠማዟል። በሰልፉ ጎን ዝግ ብዬ ሄድኩ። ከሚገባው በላይ ዝግ ብዬ። መስኮቱንም ከፍቼ። ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ የታክሲ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ "ፋዘር፣ ይሄ ነገር ሲያድግ ምን ይሆናል?" አለኝ።

ደስታዬ ግን አልቀነሰም። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ሣባ "ምን ነካህ?" ትላለች። ምን ነካኝ?

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ባይሳ አስጠሩኝ። ለቅሶ ቤት ድንኳንና ወንበር የሚያመላልሰው አይሱዙ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው።

"ተወልደ፣ ያቺ መኪናህ ድንኳን ትችላለች?"

"ትችላለች" አልኩ።

ለምን አልኩ? ማንም አላስገደደኝም። ኩራት ነው። ድንኳኑ ገባ፤ ብረቶቹ ከኋላ በሁለት ሜትር ተርፈው ወጡ። ጫፋቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ወንበሩን ጨረስኩ። ጋሽ ባይሳ መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶው እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር...

ትናንት ከቀብር መልስ ድንኳኑን ልመልስ ስሄድ የእድሩ ዕቃ ቤት ተዘግቷል። ቁልፍ ያዡ ቢሾፍቱ ሄዷል። ስለዚህ ድንኳኑ መኪናው ላይ አደረ። ጠዋት ደግሞ ሣባ ትዛዝ አላት፦ አራት ባልዲ ጽጌረዳ፣ ለጋሽ ምልኬሳ ቤት። ጋሽ ምልኬሳ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። የኛ ብሎክ የቆመበትን መሬት ያርሱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሳምንቱን ሳል ይዟቸው ከቤት አልወጡም። አበባውን ያዘዘችው ምራታቸው ፋናዬ ናት።

ድንኳኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ጽጌረዳውን አጠገቡ ጫንኩ። ሣባ "ከነድንኳኑ?" አለች። "ምን ችግር አለው?" አልኩ። ይመዝገብልኝ፤ ብያለሁ።

በራቸው ላይ አቆምኩ። ፋናዬ "ሳትቀምሱማ አትሄዱም" አለች። ጾም ነው፣ ሽሮ ቀረበ። ተቀመጥን። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ጋሽ ምልኬሳ ከጓዳ መምጣታችንን አልሰሙም። ተኝተዋል።

ሽሮው መሃል ላይ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

"ማን ሞተ?" አልኩ።

"እንጃ" አለች ፋናዬ። ነጠላዋን ፍለጋ ተነሳች። ሣባ እጇን ታጠበች። ጋሽ ምልኬሳ ጥሩምባው ቀስቅሷቸው፣ እየሳሉ፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ ወጡ።

"ማነው? ማሎ ንገሩኝ!"

"አላወቅንም፣ ጋሼ።"

"ተነሱ ታዲያ። ቀድመን እንድረስ።"

ቀድመን ለመድረስ በሩን ከፈትን። በሩ ላይ አርባ ሰው። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ። ከፊት ወይዘሮ የሺመቤት፣ ጎረቤታቸው፣ ደረታቸውን እየመቱ "ምልኬሳ... አባት ዓለሜ... ሳልጠይቅህ..." ይላሉ።

ጋሽ ምልኬሳ በጣም አዘኑ። "የትኛው ምልኬሳ?" ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ የሺመቤት ቀና ብለው አዩ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቀስ ብለው... ወንበር ያለ ይመስል።

ጋሽ ባይሳ ጥሩምባ ነፊውን አስከትለው ደረሱ። "የእድሩ ድንኳን በራቸው ላይ ቆሟል ብለው ደወሉልኝ። አበባም አለ አሉኝ። ሳሉንም እናውቃለን። ታዲያ ምን ልበል?" አርባውም ሰው ወደ እኔ ዞረ። ሣባም አብራቸው ዞረች።

ጋሽ ምልኬሳ ሕዝቡን አንድ በአንድ አዩት። ለረጅም ጊዜ።

"አብዱልሐሚድ አልመጣም?"

"ሱቁን ዘግቶ ሊመጣ ነው" አለ አንዱ።

"እ..." አሉ። "በሉ ከመጣችሁ አይቀር ግቡ። ሽሮ አለ።"

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ጋሽ ምልኬሳ ሳሉ ለቋቸዋል አሉ። ሣባ አላናገረችኝም።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፒካፗ የቆመችበት በር ሞት ይመጣል የሚሉት። አይደለም። ወይዘሮ የሺመቤት ሣባን መንገድ ላይ አቆሟት። "ሣብዬ፣ አበባሽን እወደዋለሁ። ያቺን ነገር ግን በኔ በር እንዳታቆሚብኝ። ልጅ አለኝ።" አንዲት ልጃቸውን ረሆቦትን ማለታቸው ነው። ሌሎቹም እንዲሁ። "በእግርሽ ብታመጪልን..." ሦስት መቶ ባልዲ በእግር! በዚህ ሳምንት ሰባት ሰው ያዘዘውን ትቷል። መንገድ ላይ ስታየን የምታማትብም አለች።

መኪናዋን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። ከምን ነው የማጥባት? አላውቅም። አብዱልሐሚድ "ቀይ ቀለም ቀባት" አለኝ።

"ቀይማ አምቡላንስ ትመስላለች።"

አሰበበት። "እውነትህን ነው። እሱም ያው ወደ ድንኳኑ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።"

ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሣባ የፋብሪካውን ጋዋን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። ጋዋኑን እያየሁ ራት በላሁ። በሕይወቴ ብዙ አሳዛኝ ነገር አንብቤያለሁ... እንደዚያ ጋዋን ግን የለም።

ጥር 1፣ ሐሙስ

በር ተንኳኳ። ጋሽ ምልኬሳ። ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው።

"በኔ ሰበብ መኪናይቱ ተጠላች አሉ።"

"በእርስዎ አይደለም፣ ጋሼ። በእኔ ነው።"

"እሱማ በአንተ ነው። የሞትኩት ግን እኔ ነኝ።"

ክርክር የለውም።

"ቅዳሜ ታወጣታለህ። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። በየበሩ እንቆማለን። ያዩኛል። ሲያዩኝ ፍርሃታቸው ይለቃቸዋል።"

ሣባ ከጓዳ ሰምታለች። ከሄዱ በኋላ "እኔ አልመጣም" አለች። "ሰኞ ለፋብሪካው እደውላለሁ።"

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አድሯል። ጠዋት ባየው ባትሪው ሠላሳ አራት በመቶ ብቻ። ይበቃል አልኩ። አርባ ባልዲ ጫንኩ። የአብዱልሐሚድ ውሃም ከትናንት እንደተጫነ ነው። ከፊት ጋሽ ምልኬሳ፣ ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ መስኮት ክፍት።

በየበሩ ቆምን። "አካም!" ይላሉ ለአንዱ፣ "እንደምን ዋላችሁ" ለሌላው። "እኔው ነኝ። ንኩኝ ከፈለጋችሁ።" አንዳንዱ ነካቸው። ሳቅ በሳቅ ሆነ። አበባ ግን የገዛ የለም።

የባትሪውን ቁጥር ረሳሁት። ዳገቱ ላይ ስንደርስ አሥራ ሁለት... ዘጠኝ... ከዚያ የሰሌዳው መብራቶች መሃል አንዲት ኤሊ በራች። በቢጫ።

"ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አሉ ጋሽ ምልኬሳ።

"ኤሊ ናት።"

"ምን ታደርጋለች?"

"እኛ ነን፣ ጋሼ።"

በእግሩ የሚሄድ ሰው ሰላም ብሎን አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ቆመች። የሰፈሩ ሰው ሊገፋ ተሰበሰበ። ጋሽ ምልኬሳ ውረዱ ቢባሉ እምቢ አሉ። "ሊቀብሩኝ የመጡት እነዚሁ ናቸው። ይግፉ እንጂ።" ገፉ። ሜዳ እስኪያገኙ ገፉ። የመጀመሪያው ሜዳ የማን በር ነው?

የወይዘሮ የሺመቤት።

"ኧረ ከበሬ አንሱልኝ! ዛሬን አንሱልኝ!" ወደ ፊት ዳገት ነው፤ ወደ ኋላ ቁልቁለት። ለሣባ ደወልኩ። በባጃጅ መጣች። መኪናዋን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ እኔን አየች። "ጭነቱን አውርዱ" አለች። "ስትቀል ትገፋላችሁ።" አርባውን ባልዲ አወረድን። መንገዱን እንዳይዘጋ ከበሩ ግራና ቀኝ ደረደርነው። ጽጌረዳው ሁሉ ፈክቷል። ውሃውን ልናወርድ ስንል አራት ሰዎች ከማዕዘኑ ዞረው መጡ። ሽማግሌዎች። በሙሉ ልብስ። አንዱ ከዘራ ይዘዋል።

ረሆቦትን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ልጅቷ ታውቃለች። እናትየው አያውቁም።

ባለከዘራው በሩን ግራና ቀኝ አዩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እንዲህ አበባ ደርድራችሁ ትጠብቁናላችሁ ብለን አላሰብንም። ትልቅ ክብር ነው።"

ወይዘሮ የሺመቤት አበባውን አዩ። እኔን አዩ።

"እንግዳ እኮ ነው" አሉ። "ግቡ፣ ግቡ።"

ጋሽ ምልኬሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናው ወረዱ። በሴቷ ወገን ሽማግሌ ሆነው ዘው ብለው ገቡ። ማን ጠራቸው? ማንም። ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። ለሌላ ቀን ቀጠሮ ሰጥተዋቸዋል፤ ነገሩ ግን አልቋል አሉ።

መብራት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ወይዘሮ የሺመቤት ገመዱን በራሳቸው እጅ በበሩ ሥር አሳለፉልን። "ከኔ ቤት ሰኩት። ለምን ትቸኩላላችሁ? ትደር።" አርባውንም ባልዲ አስቀሩት።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ፒካፗ የቆመችበት በር ሽማግሌ ይመጣል። እኔ እንዲህ አላልኩም። ማን እንዳለ ግን አውቃለሁ፤ ባርኔጣ አድርገው ከፊት ይቀመጣሉ።

ፈሂማ፣ የአብዱልሐሚድ እህት፣ ዛሬ መጣች። "አንድ ቀን በኛ በር ብታቆሟት።" ሴት ልጅ እንደሌላት አውቃለሁ። "ለማን?" አልኳት። "ለማንኛውም" አለች። ስድስት ባልዲ ወሰደች።

የተተዉት ሰባት ትዛዞች ተመልሰዋል። ሌላም ተጨምሯል። ሣባ በየበሩ የምንቆምበትን ቀን ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ጋዋኑ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ አሁን ጃንጥላ ነው ያለው።

መሪውንም ተነጥቄያለሁ። "ኤሊ እስክትበራ የነዳ ሰው መሪ አይሰጠውም" ተባልኩ። ጋሽ ባይሳ ለድንኳን ሲጠይቁ ሣባ "ከእንግዲህ ለድንኳን አይሱዙ፣ ለአበባ ፒካፕ" ብላ መለሰቻቸው። እሳቸውም "ብረቱም አይገባም ነበር" አሉ። ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል።

ጥር 15፣ ሐሙስ

የመልሱ ቀን።

ፋብሪካው በሦስት ሰዓት ደወለ። ሣባ ስለምትነዳ ስልኳ እኔ ጋ ነው። እኔ ከኋላ ነኝ፣ በጽጌረዳና በአንድ ጆንያ አፈር መካከል። ከፊት ያለው ወንበር የጋሽ ምልኬሳ ነው። ማን ሰጣቸው? አልተጠየቀም።

"ወይዘሮ ሣባን ፈልጌ ነበር" አለች የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ። "ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።"

የኋላውን መስታወት አንኳኳሁ። ሣባ ሳትዞር "አልመለስም በላት" አለች። ትንሽ ነዳች። "አመስግናት። በደንብ አድርገህ።"

ነገርኳት። በደንብ አመሰገንኳት።

ልጅቷ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ይቅርታ... ያቺ የአበባ መኪና የእናንተ ናት እንዴ?"

"የኛ ናት።"

"ለሚ ድረስ ትመጣለች? እዚህ ያላገባን ብዙ ነን።"

መስታወቱን እንደገና አንኳኳሁ። ለጋሽ ምልኬሳ ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው የባትሪውን ቁጥር አነበቡ። መንገዱን አዩ። የጫንነውን ዞረው አዩ። እኔንም ጨምሮ።

"የሚገፋ ካዘጋጁ ትደርሳለች በላት" አሉ።

ልጅቷ አንድ አፍታ ስልኩን በእጇ ሸፍና ከሰው ጋር ተነጋገረች። ተመለሰች።

"አሥራ አራት ነን" አለች። "ይበቃል?"