ከሐድራ ቤቱ ግድግዳ የአንቺ ድርሻ

እማዬ፣ አላህ ቀብርሽን ኑር ያድርግልሽ። ከተለየሽን አንድ ክረምት አለፈ፤ ሁለተኛው አሁን ሰፈራችን ጅሬን ላይ ደመናውን ጭኖ መጥቷል። ዘንድሮ ዝናቡን እፈራዋለሁ።

ቤታችን ደህና ነው። አባባ ከመስጊድ ሲመለስ ዛሬም አንቺ እንድትሰሚው ደጅ ላይ ያስላል። ደህና ያልሆነው ዱዓ የምናደርግበት አሮጌው ሐድራ ቤት ነው።

በየዓመቱ ከመውሊድ በፊት የሰፈሩ ሴቶች ተጠራርታችሁ ግድግዳውን በጭቃና በጤፍ ጭድ ስትመርጉ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ድርሻ ነበራችሁ፤ እናት ስትሞት ድርሻዋ ለልጇ ያልፋል። የአንቺ፣ ዝናብ የሚደበድበው ማዕዘን ነበር። እኔ ጭቃውን በጣቴ ስነካካ፣ መንዙማውን ሳታቋርጪ መዳፌን ይዘሽ ግድግዳው ላይ ትጫኚው ነበር።

ቤቱ እንደ ቅርስ ሊታደስ ነው ሲባል ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ምህንድስና የተማርኩት ለዚህ ነው ብዬ ሥራው ውስጥ ገባሁ። የሴቶቹ ምርጊት የጥበቃው አካል እንዲሆን በዕቅዱ ጻፍኩ። የእድሳቱ ኃላፊ እሱን አውጥቶ የቀረውን ልፋቴን በራሱ ስም አቀረበ፤ ስሟገተው አባረረኝ። ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስነው፣ ግቢውን በቆርቆሮ አጠሩ። ሴቶቹ ጭቃ ተሸክመው ሲመጡ ቅርስ አይነካም ተባሉ። አዴ ዘሃራን ታውቂያቸው የለ፣ ዘበኛውን ትክ ብለው አይተው፣ «እኛ ባንነካው ኖሮ አንተ ዛሬ ምን ትጠብቅ ነበር?» አሉት። ሳቀ፤ በሩን ግን አልከፈተም።

አሁን ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ አፍኖታል። የአንቺ ማዕዘን አብጧል። በአጥሩ ቀዳዳ በየቀኑ አየዋለሁ። ለመውሊድ ሊያስመርቁት ነው፤ በዕለቱ የሰፈሩን ልጆች የሚያስቀምጡት እዚያው ማዕዘን ሥር ነው። ይደረመሳል ብዬ ነገርኳቸው፤ ከሥራ ስለወጣች ቂም ይዛ ነው አሉኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሆነ ነገር የወደቀ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ደግሞ ሴቶቹ ተስፋ ቆርጠው እንዳይበተኑ እፈራለሁ፤ እነሱ ከተበተኑ ቤቱ ቢቆምም ማን ያውቀዋል?

ነገ ጠዋት ከአዴ ዘሃራና ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ እንቀመጣለን። ሲሚንቶው እስኪፋቅ ድረስ፣ በእኛ ላይ ካልተራመዱ በቀር ልጅ አያስገቡም። ሊያስሩኝ ይችሉ ይሆናል። አልዋሽሽም፣ እፈራለሁ። ቢሆንም እሄዳለሁ።

ድርሻሽን ተቀብያለሁ፣ እማዬ። ሲከፈትልኝ ስምሽን እየጠራሁ እመርገዋለሁ፤ እስኪከፈትልኝም ስምሽን እዚያው በር ላይ እጠራለሁ።

ልጅሽ ሙኒራ