ለተንሳፈፈው መንገድ ዋስ

ለክቡር የሐይቅ ዳር አቋራጭ መንገድ ሥራ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፦ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያቺ ነጭ መኪናዎም ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ በጸሎትዎ ደኅና ነን። መንገዱም ደኅና ነው፤ ትናንት ማታ ሳየው ወደ ዘጌ አቅጣጫ ካለው ጥግ ተጠግቶ ነፋስ ይቀበል ነበር።

እኔ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት እባላለሁ። መንገድዎ ሊያቋርጠው በታሰበው ረግረግ ዳር ካለችው ደብር ቅኔ አስተምራለሁ። በአደባባይ የጻፍሁልዎ ከዚህ በፊት በግል የጻፍኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። ቁጥር ያልተሰጠውን ነገር ጽሕፈት ቤትዎ እንደማያነብ ጸሐፊዎ ስለ ነገረችኝም፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እያቀላቀልሁ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አስቀድመን ስለ ሕዝብ ውይይቱ እናመሰግናለን። በግንቦት ድንኳን ጥላችሁ፣ የታሸገ ውሃ አድላችሁ፣ ረግረጉን በድንጋይ ሞልታችሁ አስፋልት እንደምታነጥፉበት አስረዳችሁን። ሰውም እየተነሣ አምባዛ ዓሣው የሚራባው እዚያ ነው፣ ደንገሉ የሚበቅለው እዚያ ነው፣ ደለሉ ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ የሚይዝልን እሱ ነው እያለ ተቃወመ። ስብሰባው ሲያበቃ እንደ አገራችን ልማድ ቡራኬ እንድሰጥ ተጋበዝሁና ዝናሙን በወቅቱ እንዲሰጠን፣ ሐይቃችንንም እንዲጠብቅልን ፈጣሪን ለመንሁ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። በኋላ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ግን ነዋሪው የቀረበለትን ዕቅድ በአንድ ድምፅ አሜን ብሎ ተቀበለ ይላል። ይህን ያህል ዘመን ስጸልይ ጸሎቴ እንዲህ ፈጥኖ አስፋልት ሲሆን አይቼ አላውቅም። ከእንግዲህ በእናንተ ፊት አቡነ ዘበሰማያት ስደግም እንኳ እንደምጠነቀቅ በትሕትና አሳውቃለሁ።

፪. በረግረጉ ዳር «ጥብቅ ሥፍራ፤ ማረስ፣ ማጠርና ከብት ማሰማራት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሞ ነበር። መንገድ መሥራት ክልክል ነው የሚል ቃል ስለሌለበት በሕግ በኩል ነቀፋ እንደማይገኝባችሁ ባለሙያዎ አስረድተውናል። እኒሁ ባለሙያ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ስትቀረቀር ሰሌዳውን ነቅለው ከጎማዋ ሥር አነጠፉትና ወጡ። የተፈጥሮ ጥበቃ ለሰው ሲጠቅም በዓይናችን በማየታችን ደስ ብሎናል።

፫. መሐንዲሶችዎ በሰኔ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ሲተክሉ፣ መሬት መስሏቸው የተከሉት ደንገል ላይ ነበር። ደንገል ደግሞ ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ውሃ ላይ ይተኛል፤ ሐይቁ ሲሞላና ነፋስ ሲበረታ እየተገመሰ ይሄዳል። ይህን ለመንገር የሞከሩ ሽማግሌዎች ሥራ አታደናቅፉ ተብለው ተመለሱ። በሐምሌ ሐይቁ ሞላ፤ ነፋሱም መጣ፤ መንገዱ ከነችካሉ፣ አንዲት ይብራ የምትባል የውሃ ወፍ ተሳፍራበት፣ ሄደ። ሰው የሄደበት መንገድ ብዙ አይተናል፤ ራሱ የሄደ መንገድ ግን የእርስዎ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ሳምንት ጽሕፈት ቤትዎ በፌስቡክ ገጹ ሥራው በከፍተኛ ፍጥነት እየተጓዘ ነው ብሎ ሲለጥፍ አንዳንዶች ውሸት ነው አሉ፤ እኔ ዳር ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝና ተከራክሬላችኋለሁ።

፬. ችካሎቹ ከቦታቸው ሲታጡ ሌባ ተፈለገና ጎረቤቴ ገድሉ ታሰረ። ገድሉ ከዚያ ረግረግ ደንገል እየቆረጠ ታንኳ የሚሠራ፣ በታንኳውም ዓሣ እያጠመደ ቤቱን የሚያሳድር ሰው ነው። መንገዱ ሲሄድ አይቶ የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ በታንኳ ተከትሎ ሊመልሰው የሞከረ እሱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ከችካሎቹ አጠገብ ተገኘ ተባለ። የተጠረጠረበት ጉዳይ መንገድ ማሸሽ ነው። ሚስቱ የብርጓል የመውለጃዋ ወር ገብቶ ሳለ ስንቅ ተሸክማ ጣቢያ ትመላለሳለች። እዚህ ላይ ቀልዱ አልመጣልኝም፤ ተናድጃለሁ። ገድሉ ዛሬ ቢፈታ እንኳ ረግረጉ ከተሞላ የሚመለስበት ሥራ የለውም፤ የታንኳ ሥራ ከሌላ ቦታ ተጭኖ አይመጣም።

፭. ዋስ ከጠራ ይለቀቃል ስለተባለ ቀረብሁ። የቀረበልኝ ወረቀት ግን ገድሉ እንዳይጠፋ የሚያስፈርም አይደለም፤ ችካሎቹ ዳግመኛ ቢንቀሳቀሱ ዋሱ በእሱ ፋንታ እንዲታሰር የሚል ነው። ይህም በጽሕፈት ቤትዎ ጥያቄ የገባ እንደሆነ ተነገረኝ። በዕድሜዬ ለባለዕዳም፣ ለጠበኛም፣ አንድ ጊዜም በሬ ሰርቆ ለካደ ሰው ዋስ ሆኛለሁ። ለጣና ዋስ ሁን ስባል ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ነፋሱንና ባሕሩን የገሠጸ አንድ ጌታ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱም ሲገሥጽ ወረቀት አላስፈረሙትም። ስለዚህ ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

፮. ልመናዬ አጭር ነው። መንገዱን በላይ በኩል፣ በደረቁ መሬት፣ በድሮው ጥርጊያ አዙሩት። ጥቂት ይረዝማል፤ ቆሞ ግን ይጠብቃችኋል። ገድሉንም ወደ ቤቱ ስደዱልን። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ መሆኑን አባቶቻችን ነግረውናል፤ እናንተም ይህንኑ ለመስማት ሌላ ድንኳን መጣል አያስፈልጋችሁም።

ዘመንዎ ይባረክ፣ ወንበርዎ እንደ ችካልዎ አይሁን እያልሁ፣ መንገድዎ በሄደበት ሁሉ ከዳር ሆኜ በዓይኔ የምሸኘው ታማኝ ነዋሪዎ፣

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት

ግልባጭ፦
ለጣና ሐይቅ
ለነፋስ
ባሉበት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የብርጓልን ምጥ ያዛት ተባለና ሄጄ ፈረምሁ፤ ገድሉ ከቤቱ ገብቶ ወንድ ልጁን ታቅፏል። እንግዲህ ነሐሴ ነው፤ ሐይቁ ገና እየሞላ ነው፤ ከቀትር ጀምሮም ነፋሱ ተነሥቷል። ፖሊስ እስኪመጣ ጋቢዬንና ዳዊቴን ይዤ ደጃፌ ላይ ተቀምጫለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ዋስ ለመሆን የደብሩ ካህናት፣ የሰንበቴው ማኅበር፣ አራስ ጠያቂዎቹም ሳይቀሩ ተራ ይዘዋልና፣ ክቡር ሆይ፣ ከመንገዱ አስቀድማችሁ ጣቢያውን ብታሰፉልን።