ጆሃንስበርግ ያልገባችው እህቴ

ለምሳሳልሽ እህቴ ለሩት፣

ሰላምታዬ ባሕሩንም በረዶውንም አልፎ ደጅሽ ይድረስ። እንደምን ነሽ? እንዴትስ ከረምሽ? ጤናሽ ተመለሰልሽ? ያ የሚወጋሽ ጎንሽ ተወሽ? የተሰበረውን ጥርስሽን ለሐኪም አሳየሽው? ምግቡስ ተስማማሽ? እዚያ አገር ውኃው ራሱ ድንጋይ ይሆናል ብሎ ባለቤቴ ቃለሕይወት ነግሮኛል። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ ያልረገጠውን አገር ሁሉ ያውቃል፤ እንዳላስከፋው ዝም ብዬ እሰማዋለሁ። ብቻ ካልሲ ደርቢ፣ አደራሽን።

እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም በጤና አለን። ክረምቱ መልካም ነበር፤ በቆሎው ደርሷል፣ እንሰቱም ጎልምሷል። አባባን ጉልበታቸው ይዟቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ቁጣቸው ግን ከዘራ አልፈለገም። ልጄ ትዕዛዝ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ እንግሊዝኛዋን በኔ ላይ ትለማመዳለች። ናፍቆትሽን አትጠይቂኝ፣ ከጀመርኩት ወረቀቱ አይበቃኝም።

ካናዳ ገባሁ ብለሽ የደወልሽልኝ ዕለት ሱቄ ሰው ሞልቶበት ነበር። የበርበሬ ዳጣ እየሰፈርኩ ሳለሁ ድምፅሽን ብሰማ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። እሰይ! እሰይ! ብዬ ስጮኽ ደንበኞቼ ሎተሪ የወጣልኝ መሰላቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ሩትዬ። በሰላም እተኛለሁ የሚባለውን ነገር ረስቼው ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ገና ሳይመሽ ወንበር ላይ ተኝቼ ራቱን ቃለሕይወት ሠራ። መብላቱን ግን ተይው።

ታዲያ ያን ጊዜ በስልክ አንድ ነገር ጠየቅሽኝ፤ አባባ ያውቃሉ ወይ? ባዳቾስ አሁንም ይፈልገኛል ወይ? አልሽኝ። ሰው አፍጥጦብኝ ነበርና ቅቤ ተወዷል ብዬሽ ስልኩን ዘጋሁት። አዝነሽብኝ እንዳይሆን። መልሱ በስልክ የሚሆን አይደለም። አሁን ማኅሌት እናቷን ለመጠየቅና መስቀልን እዚህ ለማሳለፍ ከናይሮቢ መጥታለች። ይህን ደብዳቤ ይዛ ተመልሳ ከዚያው በፖስታ ስለምትልክልሽ ሳልፈራ ሁሉንም እጽፍልሻለሁ።

ጎረምሶቹ በኦቶና መንገድ ይዘው የደበደቡሽ ሳምንት ወሬው አንቺ ቤት ሳትደርሺ ባዳቾ ያለበት ቦምቤ ገባ። ታላቃችን ባዳቾ ሴት ነኝ የሚል ወንድም የለኝም፣ ቅዳሜ መጥቼ በገዛ እጄ ከቤታችን አጠፋዋለሁ ብሎ መማሉን የከብት ነጋዴዎቹ ነገሩኝ። ባዳቾ ሲምል እንደማይቀልድ ታውቂያለሽ። ፖሊስ ጋ እንዳልሄድ ሕጉም ካንቺ ጋር አልነበረም፤ ተደብዳቢዋም አንቺ፣ ታሳሪዋም አንቺ ልትሆኚ ነው። ማኅሌት ናይሮቢ ውስጥ እንዳንቺ በገዛ አገራቸው የሚታደኑትን ወደ ሌላ አገር እስኪሻገሩ በሚያስጠልል ቤት ነርስ እንደሆነች አውቅ ነበር። ደወልኩላት። አንቺ ሞያሌን አሻግሪልኝ እንጂ ቀሪው የኔ ነው አለችኝ።

ለሰፈሩ የሚነገር ነገር መፈለግ ነበረብኝ። ከሶዶ ወጣት ድንገት ሲታጣ መልሱ የታወቀ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ። እኔም የሴቶች ጸሎት ላይ ተነሥቼ፣ በድሮ ስምሽ፣ ወንድሜ ዮሴፍ ጆሃንስበርግ ሊሄድ ነውና ጸልዩልኝ አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ጎረቤታችን አሳየሽ በእግር ነው? በጫካ? ብላ ፊቷን ስታጨማድድ የናቀችን መሰለኝና ኧረ በአውሮፕላን ነው፣ ቪዛው ወጥቶለታል! አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

በጫካ ለሚሄድ ሰው ቅቤ የሚያሸክም የለም። በአውሮፕላን የሚሄድን ግን ልጁ እዚያ ያለ ሰው ባዶ እጁን አይሸኘውም። በማግስቱ ግቢው ጉድ ሆነ። አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ዳጣ፣ አንዷ ቆሎ፣ አንዷ ጋቢ ይዛ መጣች። አሳየሽማ የልጇን ስም በማርከር የጻፈችበት ባልዲ ሙሉ ቅቤ አስቀመጠችልኝ። አልቀበልም ብል ለምን? ይባላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንቺ ጓዳ ተደብቀሽ፣ ያበጠ አገጭሽን በሁለት እጅሽ ደግፈሽ ስትስቂ ሰምቼሻለሁ። ያን ጊዜ በጣም ተናድጄብሽ ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞቅ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሰሽ፣ ሻሽ አሥረሽ፣ ነጠላ እስከ አፍንጫሽ ተከናንበሽ፣ ቅቤ ወደ ዲላ ከሚወስዱት ሴቶች ጋር በምሥጢር ያማከርኩት፣ እስከ ሞያሌ የሚወርደው የሹፌሩ የጦና አይሱዙ ላይ ወጣሽ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺ አላየሽም፣ አቀርቅረሽ ነበር። ባዳቾ ከየት መጣ ሳልለው ጦና መስኮት ላይ ደርሶ ዮሴፍን አይተኸዋል? ብሎ ጠየቀው። እኔ ከቅቤ ሻጮቹ መሐል ገባሁ። ጦና የአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ሳይሆን አይቀርም አለው፣ ምኑም ሳይነቃነቅ። ይህን ጊዜ ባዳቾ ወደ ኋላ ዞረና እህቶቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ብሎ የኋላውን ስፖንዳ ራሱ ዘጋላችሁ! መታ መታ አድርጎም ሂድ አለው። ጦና ይህን ባነሣ ቁጥር እኔ ላልቅስ ልሳቅ ግራ ይገባኛል። ሊያጠፋሽ የመጣው ሰው በገዛ እጁ ሸኘሽ።

ባዳቾ ቤት መጥቶ ሲያጣሽ ጆሃንስበርግ ያሉትን ወዳጆቹን ሁሉ ቀስቅሶ ሲደርስ ንገሩኝ አላቸው። እዚያ እየጠበቀሽ እስካለ ድረስ ናይሮቢን አያስብም፤ ነገሩ ሁሉ በዚያ ውሸት ላይ የቆመ ነበር። እኔ ግን የሰው አደራ ጓዳዬ ውስጥ ተከምሮብኛል። ጌታ ሲረዳ የዲምቱው ደገፉ፣ እዚያ ሱቅ ያለው፣ ለሠርጉ መጥቶ ሊመለስ ነበር። በሠርጉ ድምፄ እስኪዘጋ የዘመርኩለትን አስታውሼ አደራውን ሁሉ አሸከምኩት። ሙሽራይቱ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች፤ የሷ ልብስ ከሻንጣው ወጥቶ ነው ቅቤው የገባው።

የፈሩት ይደርሳል። ቅቤው በደረሰ ሰሞን አሳየሽ ወደ ሱቄ መጣች። ልጄ ደወለልኝ፣ ቅቤውን የሰጠኝ ደገፉ ነው፣ ዮሴፍን ያየ ሰው የለም ይላል፣ ይህ ነገር እንዴት ነው? አለችኝ። ኋላ አስረዳሻለሁ ብዬ ሸኘኋት፤ ምኑን ላስረዳ። አሳየሽ ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ እሷ ዘንድ የገባ ወሬ ሳያድር አረካ ይደርሳል። በዚያው ሳምንት የካቻምናው ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን፣ ሆነ። ባዳቾ ከቦምቤ መጣ፣ ቤተሰቡ ተሰበሰበ፣ አሳየሽም ለበዓሉ ከቆጮ በቅቤ የሠራችውን ሙቹዋ ይዛልን ገባች። ባዳቾ ሥጋውን እያጎረሰኝ፣ እያጎረሰኝ እኮ ነው የምልሽ፣ ወዳጆቼ ዮሴፍ የሚባል አልመጣም ብለውኛል፣ ወይ አልሄደም ወይ ዋሽተሽኛል አለኝ። ዓይኔን ወደ አሳየሽ መለስኩ፤ አለቀልን አልኩ።

አሳየሽ ቁራጯን ዳጣ ነክራ፣ አኝካ፣ ዋጠችና ምን ማለትህ ነው? ልጄ ቅቤዬን የተቀበለው ከዮሴፍ እጅ ነው፤ አሁን ሥራ አግኝቶ ኬፕ ታውን ወርዷል አለችው። ባዳቾ ከዚያ ወዲህ እስከ ዘንድሮ ኬፕ ታውንን ሲያስፈልግ ከረመ። አሳየሽ ስትወጣ ተከትያት እንሰቱ ሥር ያዝኳት። አፌን ከመክፈቴ እጇን አፌ ላይ አደረገች። የት እንዳለ አትንገሪኝ፣ ምላሴን አውቀዋለሁ አለችኝ። ያ በጫካ ነው? ብላ ያጨማደደችው ፊት ንቀት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፍርሃት ኖሯል። ልጇ መንገድ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍኖ ሊሞት ሲል አንድ የማያውቀው ሰው በሩን ከፍቶለታል። የኔ ልጅ እንዲህ ከተረፈልኝ እኔ የሰው ልጅ አሳልፌ አልሰጥም፣ ስለ ውሸቱ እኔና ጌታ እንነጋገራለን አለችና ሄደች።

አንቺ ናይሮቢ በር ዘግተሽ የስደተኛ ኢንተርቪውሽን ስትጠብቂ እኛም እዚህ ዝም ብለን አልተቀመጥንም። አምና አሳየሽ ራሷ አንድ ወጣት መምህር ይዛልኝ መጣች። ወንድ ይወዳል ተብሎ ከሚያስተምርበት ቀበሌ በድንጋይ ያባረሩት ነው። ምንም አልነገርሽኝም፣ እኔም ምንም አላውቅም፣ ብቻ ይህን ልጅ የላክሽበት ላኪው አለችኝ። ጦና እንደ ረዳት አድርጎ ወሰደው። የመኪና ጎማ መቀየር ይቅርና ብሎን ከመፍቻ አይለይም አለኝ፤ ሞያሌ ግን በሰላም ገብቷል። አሁን ማኅሌት ጋ ተራውን እየጠበቀ ነው። ስልክ ቁጥሩን ትልክልሻለች፣ ደውለሽ አጽናኚው፤ መጠበቁን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁሉ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽሽም፣ ሩትዬ። መጀመሪያ ጌታ ሆይ ቀይራት ብዬ ጾምኩ፤ ኋላ ጌታ ሆይ ጠብቃት ብዬ ጾምኩ። የተሰማልኝ ሁለተኛው ነው። እኔም ከዚህ በላይ አልመራመርም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ለአባባ እስከ ቅርብ ጊዜ ያልነገርኳቸው ለባዳቾ የማይነግሩት ነገር ስለሌላቸው ነው። ባይራ ነዋ፣ በኩራቸው። ካናዳ ገባሁ ስትይኝ ግን ባዳቾ የማይደርስበት አገር ነው ብዬ ዘንድሮ የጊፋታ ዋዜማ ነገርኳቸው። ስምሽንም፣ ቀሚስሽንም፣ አይሱዙውንም፣ አንድ ሳላስቀር። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? አሉኝ። ለባዳቾ ይነግሩት ነበር አልኳቸው። አዎ፣ እነግረው ነበር አሉ። ከዘራቸውን ይዘው እንሰቱ ውስጥ ገቡና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልወጡም። ትዕዛዝን ውኃ አስይዤ ብልክ ተያቸው ብላ ተመለሰች፤ እያለቀሱ ነበር።

በጊፋታ ቂም ይዞ ማዕድ መቅረብ ነውር ነው። እሑድ ሁላችንም ተቀምጠን፣ ሥጋው ቅጠሉ ላይ ቀርቦ፣ ባዳቾ እንደ ልማዳችን ቢላዋውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አባባ አልሰጡትም። በእህትህ ላይ የማልከውን መሐላ መጀመሪያ እዚህ አውርደው አሉት። የትኛዋ እህቴ? አለ ባዳቾ። አባባ ድምፃቸውን ሳያነሡ ሁሉን ነገሩት፤ ያለሽበትን አገር ስም ብቻ ደበቁት። ስፖንዳውን ራሱ መዝጋቱን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ሞቼ ነው የማወርደው አለ። እንግዲያው በኔ ቤት ሥጋ አትቆርስም ብለው ቢላዋውን ለኔ ሰጡኝ። ለሴት! ባዳቾ ሳይቀምስ ተነሥቶ ወደ ቦምቤ ሄደ። በጊፋታ በኩር ልጅ ሳይበላ ሲወጣ በዕድሜዬ አላየሁም። አባባ አልጠሩትም። ለምጄው አላውቅምና እንደመጣልኝ ቆራረስኩት፤ ቃለሕይወት የደረሰው አጥንት ብቻ ነው።

ባዳቾ ልቡ እንዲመለስ እንጸልያለን፤ ወንድማችን ነው። አንቺ ግን ከእንግዲህ በር ሲንኳኳ አትደንግጪ።

ባለቤቴ ቃለሕይወት በጣም ሰላም ብሎሻል፤ ያለሽበት ከተማ ሐይቅ እንዳለው ጠይቂልኝ ብሎኛል። ትዕዛዝ አክስቴን ሳሚልኝ፣ ፎቶ ላኪ በያት ብላለች። አሳየሽ የት እንዳለሽ ዛሬም አልጠየቀችም፤ ካለበት ይድረሰው ብላ ዳጣ ሰጥታኛለችና ማኅሌት ትልክልሻለች። ጦና መሪውን ይዞ ሰላም ይልሻል። የማኅሌት እናት ወይዘሮ ፈጠነች በማርያም ስም ሰላም ብለውሻል።

አባባ አጠገቤ ተቀምጠዋል። የራሳቸውን ሰላምታ በራሳቸው ቃል እንድጽፍ አዘውኛልና እንዳሉት ነው የምጽፈው፤ ለልጄ ለሩት፣ ከቤቴ ስትወጪ ያልመረቅሁሽ መውጣትሽን ስላላወቅሁ ነው። ዛሬ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ፣ ቆሜ መርቄሻለሁ። ሴት ልጅ ወልጄ አገር እንደሰጠኋት ቁጠሪው። ጦሳይ ኔና አንጆ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ።

እህትሽ አስካለች አንጁሎ
ወላይታ ሶዶ
መስከረም 22 ቀን 2008 ዓ.ም.