ቅርንፉድ የሌለው ጠርሙስ

ልጄ ያዋር፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን አለህልኝ? እኔ፣ አላህ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ወንድምህ ሾውካት በከባድ መኪናው ፖም እንደጫነ ገደል ገባ ተብዬ የተረዳሁ ቀን፣ ለክረምት የምናስቀምጠው የማባያ ፖምና ፒር እሳት ላይ ነበር፤ እስኪያር ድረስ ማንም አላስታወሰውም። ከዚያ በኋላ እንደ ወጋችን ለቅሶው እስኪያበቃ ቤታችን እሳት አልነደደም፤ ጎረቤት እያመጣ አበላን።

ትናንት ማባያውን በዝንጅብልና በቀረፋ እንደገና ሠራሁት። ቅርንፉዱን ከመጨመሬ በፊት፣ እጄ እንደለመደው፣ ቅርንፉድ ለማይወደው ለሾውካት አንድ ጠርሙስ ቀዳሁ። ጎረቤታችን ዙና አይታኝ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ደግሞ ለየትኛው ቀበጥ ነው?» አለችና ወዲያው አፏን በሻሿ ያዘች። አልተቀየምኳትም፤ ድሮም «ቀበጡ» የምትለው እሱን ነበር።

አንተም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣህ ሲሉ ሰማሁ። የዳቦ ቤቱ ሥራ እንዴት ነው? እጅህ ለሊጥ የተባረከ ነው። ዘንድሮ በተራራው መንገድ ላይ በረዶው ቀድሞ ጥሏል። ላንተ ለቀዳሁት ጠርሙስ ብለህ አትቸኩል፤ ማባያው እስከ ፀደይ አይበላሽም። ያንተን ከሾውካት ጠርሙስ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አላስቀመጥኩትም።

ይህን ደብዳቤ አብሮህ የሚያነብ ሁሉ ለሾውካት ዱዓ ያድርግለት።

እናትህ ራህቲ፣ ከሶፖር