ግድግዳዬን በመቶ ዓመት ላስረጁልኝ ሹም

ለክቡር ሚስተር ሩፐርት ሌይኮክ፣
የሃድልተን ከተማ ምክር ቤት የጥንታዊ ቤቶች ጥበቃ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ በኩል ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም እግርዎ ደረጃ ለመውጣት፣ ጆሮዎም የሰው ድምፅ ለመስማት የበቃ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ዶሪን ከእነዚህ ሁለት ጸጋዎች እያንዳንዳችን አንዱን ስላጣን ዋጋቸውን እናውቃለን።

ክሊፎርድ ኦልድሮይድ እባላለሁ፤ ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት የተውኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከሱፍ ፋብሪካውና ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። እርስዎ የያዟቸውን ማዕረጎች ከደብዳቤዎ ግርጌ ቆጥሬአለሁ። ስለዚህ የሚከተለው የአላዋቂ ቅሬታ ነውና በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

አንደኛ። በ1871 የተሠራው ቤታችን ምድር ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ወደ መንገድ የሚያየው የፊት ክፍልና ወደ ጓሮ የሚያየው፣ የምናበስልበትም የምንኖርበትም የኋላ ክፍል። እርስዎ ከደቡብ ስለመጡ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ በእኛ ሰፈር የፊት ክፍል የሚከፈተው ለገና፣ ለቄስና ለሬሳ ነው። አባቴም እናቴም ከመቃብር በፊት ያደሩት እዚያ ነው። ባለፈው ዓመት የዶሪን ግማሽ አካል አልታዘዝ ሲላት፣ ደረጃ መውጣት ስላልቻለች አልጋዋን እዚያው ዘረጋሁላት። በመጀመሪያው ጠዋት ጣሪያውን ስታይ ቆየችና፣ “ክሊፍ፣ እዚህ ክፍል ተኝቶ በእግሩ የወጣ ሰው ታውቃለህ?” አለችኝ።

ሁለተኛ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ግድግዳ አለ። የዶሪን ድምፅ ደክሟል፤ የእኔ ጆሮ ከፋብሪካው ማሽን ጋር ቀርቷል። በመጋቢት ወር ከአልጋዋ ወድቃ ግድግዳውን በምርኩዟ ስትደበድብ፣ እኔ ከወዲያ ማዶ፣ ከእርሷ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ ድንች እልጥ ነበር። አርባ ደቂቃ ወለሉ ላይ ቆየች። ሻይ ይዤ ስገባ ከወደቀችበት ቀና ብላ አየችኝና፣ “ድንቹ በሰለ?” አለች። ግድግዳው እንዲከፈት ያመለከትኩት በማግስቱ ነው።

ሦስተኛ። ጥያቄዬን በስድስት ወር ውስጥ ብቻ ተመልክተው በአካል ስለመጡልን እናመሰግናለን። ጥግ ላይ ልስኑ የተላጠበትን ጡብ እንደ ድመት ጀርባ ሲዳብሱት አይቻለሁ። “ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ይህ ያልተስተካከለ አደራደር የጥንት ባለሙያ እጅ ነው፤ ዛሬ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ የለም” ሲሉኝ፣ ዶሪን ከአልጋዋ፣ “እውነት ነው ልጄ፣ ዛሬማ እንዲህ የሠራ ከሥራው ይባረራል” አለችዎ። እርስዎ የቃዠች መስሎዎት እጇን መታ መታ አደረጉላት።

አልቃዠችም። ያንን ግድግዳ የሠራነው በ1969፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔና ወንድሟ ስታንሊ ነን። ቀድሞ እዚያ ቦታ ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኝ ሰፊ ተጣጣፊ በር ነበር፤ ነፋስ ስለሚያስገባ ነቅለን በጡብ ደፈንነው። አደራደሩ ያልተስተካከለው ከመጠጥ ቤት ስንመለስ ውሃ ልኩን ባንኮኒው ላይ ረስተን ስለመጣን ነው። ስታንሊ የጥንት ባለሙያ መባሉን ሳይሰማ መሞቱ ብቻ ይቆጨኛል፤ በሕይወት ሳለ ባለሙያ ብሎት የሚያውቅ አልነበረም።

አራተኛ። ግድግዳው እንደ ቤቱ የ1871 ነው ብለው ፈቃድ ሲከለክሉኝ ይህን ሁሉ በጽሑፍ ባስረዳዎ ማስረጃ ጠየቁኝ። የዚያን ቀን ጋዜጣ ጠቅልለን በጡቡ መካከል እንደቀበርን ነገርኩዎ። የሰጡኝ መልስ ይህ ነው፤ ጋዜጣውን ለማውጣት ግድግዳውን መክፈት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ ጋዜጣው ሲቀርብ ነው። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ ለራሴ አነበብኩት፤ ከዚያ ለዶሪን። ድገመው አለችኝ፤ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየሁም። ሐኪሞቹ ያልቻሉትን ስላደረጉልን ባለውለታችን ነዎት።

አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ አሁን ግን የለም፤ ምክንያቱም ግድግዳው የለም። በመሮና በመዶሻ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፤ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ክንዴ አልፈቀደልኝም። ከላይ ያለውን ፎቅ የተሸከመውን የ1871 አግዳሚ ግንድ አልነካሁትም፤ የቀድሞው በር ማጠፊያዎች የገቡበት ጎድጓዳ ቦታ እንኳ በሁለቱም ጎን ይታያል። ቤቱ ዛሬ እርስዎ ካዩት ጊዜ ይልቅ ጥንታዊ ነው። ጋዜጣውን ግን አይጥ ጨርሶታል። ስለዚህ በሕግዎ መሠረት እኔ የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን ግድግዳ ያፈረስኩ ጥፋተኛ ነኝ። አልከራከርም፤ ይቅርታም አልጠይቅም።

ከመዝጋቴ በፊት የጉዳቱን መጠን ላሳውቅዎ። ዶሪን ከትራሷ ሆና ምድጃውን፣ የጓሮውን በርና እኔን ታያለች። ከሰዓት በኋላ የጓሮው ፀሐይ እስከ አልጋዋ እግር ይደርሳል። ኩባያ እንዴት እንደማጥብ አሥራ አራት ወር ሙሉ ሳታውቅ ኖራ አሁን ስላወቀች፣ ቤቱ ሰላም የለውም። ትናንት፣ “ያ ግድግዳ ለአንተ ነበር የጠቀመው” ብላኛለች።

ለቅርስ ባለዎት ፍቅር እየተደነቅሁ፣ በቅርሱ ውስጥ የሚኖረው ሰውም አልፎ አልፎ በመዝገብዎ እንዲገባ በትሕትና እያሳሰብኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ያልታዘዝኩዎ አገልጋይዎ፣

ክሊፎርድ ኦልድሮይድ
ከዊቨር ጎዳና

ማስታወሻ፦ የክስ ወረቀቱን የሚያመጣው ሰው በጓሮ በር ይምጣልኝ። ዶሪን ገና ከአጥሩ ሲገባ አይታ ትነግረኛለች፤ እኔም ሰው ሠራሽ ጥርሴን ለማጥለቅ ጊዜ አገኛለሁ።